«12 ሺህ ዓመት ተኝቶ ነቃ» ስለተባለው ተራራና ስለ ኤርታሌ ሰንሰለት፤ ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ ኑ እንወያይ

የከዚራ ጥላ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም የድሬ ልጆች። ሐረሮችም ጭምር።

ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ያለው ሃይሊ ጉቢ ተራራ ከፈነዳ ወዲህ ጆሮዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሰማው። «12 ሺህ ዓመት የተኛ እሳተ ገሞራ ነቃ!» ቡና ቤት ይኸው። ባጃጅ ውስጥ ይኸው። መምህራን ማረፊያ ይኸው። ጂኦግራፊ ስለማስተምር ተማሪዎቼም እኔኑ ያፋጥጡኛል።

ይህ አባባል አይዋጥልኝም። መተኛቱን ማን አየ? ቁጥሩ የመጣው ሳይንቲስቶች ሆሎሲን ከሚሉት ዘመን ነው። የበረዶ ዘመኑ ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ ማለት ነው፣ ወደ 11,700 ዓመት ገደማ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ የሚል መዝገብ አልነበረም። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። መዝገብ የለም ማለት ፍንዳታ የለም ማለት አይደለም። አካባቢውን ጂኦሎጂስቶች በደንብ መርምረው ካርታ ማንሳት የጀመሩት እኮ በ1967 እና 68 ነው (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከዚያ በፊት ያለውን ማን ቆጠረው?

ለማያውቅ ሰው ሃይሊ ጉቢ ያለበትን የኤርታሌን ሰንሰለት ልደርድረው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ጋዳ አሌ፣ አሉ፣ ዳላፊላ፣ ቦራሌ አሌ፣ ኤርታሌ፣ መጨረሻ ላይ ሃይሊ ጉቢ። አሌ ባጉ ከሃይሊ ጉቢ በስተምዕራብ ነው ያለው፣ ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነው፣ 1,031 ሜትር። ታዋቂው ኤርታሌ 613 ሜትር ብቻ ነው። ድሬ ራሷ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ማለትም ከዚራ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስንጠጣ ከሰንሰለቱ ጫፍ ሁሉ በላይ ነን! ግን ተራሮቹ የሚነሱት ከባሕር ወለል በታች ካለ ሜዳ ነው። ግርጌያቸው ሰፊና ዝርግ ነው፣ ፎቶ ላይ ተራራ አይመስሉም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተራሮቹ ከስር ይገናኛሉ? ሁለተኛ፣ ከእናንተ መሀል እዚያ የደረሰ አለ?

ሳቢያን 02

አቦ ያን ሁሉ ተወውና አመዱ ድሬ ይመጣል ወይስ አይመጣም? እናቴ መስኮቱን በፌስታል ልታሽግ ነው።

ድንጋይ ቆጣሪ

ሳቢያን፣ እናትህን አረጋጋት። ፌስታሉን ለሌላ ነገር ታስቀምጠው።

ከሃይሊ ጉቢ እስከ ድሬ በአየር መስመር ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ግን ከርቀቱ ይልቅ የሚወስነው ንፋሱ ነው። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቷል። እዚያ ላይ የነበረው ንፋስ ወደ ምሥራቅ ይነዳ ነበር። ስለዚህ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደረሰ፣ ከዚያ ፓኪስታንና ሰሜን ህንድ። ደልሂ ላይ በረራ የተሰረዘው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ያለነው ከተራራው በስተደቡብ ነው። አበሳውን ያዩት አፍዴራና በዙሪያው ያሉ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ከዚራ ጥያቄ። ጂኦሎጂ ተምሬ እንጀራዬ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው፣ ስለ እሳተ ገሞራ ማውራት ከተማርኩበት ዘመን ጀምሮ ሱሴ ነው። ከስር ይገናኛሉ ወይ? እያንዳንዱ የራሱ ጓዳ አለው። ማለትም ማግማ (ከመሬት ስር ያለ የቀለጠ ድንጋይ) የሚጠራቀምበት የየራሱ ቦታ አለው። ግን ሁሉም የተደረደሩት በአንድ ስንጥቅ ላይ ነው። ስንጥቁ ሲከፈት ማግማው ወደ ላይ ብቻ አይወጣም። ወደ ጎንም ይሄዳል። ቀጥ ብሎ በቆመ ስስ ስንጥቅ ውስጥ እየሰነጠቀ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። እኛ ዳይክ እንለዋለን።

ይሄ ደግሞ ወሬ አይደለም፣ የታየ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ኤርታሌ ፈነዳ። ያኔ ማግማው ከመሬት በታች ወደ ደቡብ ሄደ። የሳተላይት ራዳር መሬቱ ሲከፈት አየው። አቅጣጫው ወዴት ነበር? ወደ ሃይሊ ጉቢ። አራት ወር ቆይቶ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አንዱ ሌላውን «ቀሰቀሰው» ብሎ መማል ይከብዳል። ዝምድና የላቸውም ማለት ግን ከዚያ የበለጠ ይከብዳል።

ሌላው ነገር፣ ይሄ ሰንሰለት ለምንድነው የዓለም ሰው የሚጓጓለት? አብዛኛው ድንጋይ ባዛልት (ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፣ ያውም ውቅያኖስ ወለል ላይ ከሚወጣው ጋር የሚቀራረብ። እንዲህ ያለ ሰንሰለት በዓለም ላይ ሞልቷል፣ ግን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ውሃ ስር ነው ያለው። በእግር ሄደህ የምትረግጠው አይስላንድና አፋር ነው።

ሲኖትራክ ብቻ

እኔ ደርሻለሁ። ማለት ጫፉ ላይ ሳይሆን ግርጌው። ለጨው አፍዴራ እመላለሳለሁ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከድሬ በሚኤሶ አዋሽ፣ ከዚያ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰመራ፣ ሰርዶ። ከሰርዶ ወደ ሰሜን ትታጠፋለህ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ። የድሬን ሙቀት ለምጃለሁ የሚል ሰው እዚያ ሄዶ ይሞክረው። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል 100 ሜትር በታች ነው። ጨዋማውን ውሃ በፓምፕ ወደ ገንዳዎች ያስገቡታል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ እኛ እንጭናለን። በየቤታችሁ ወጥ የሚገባው አብዛኛው ጨው ከዚያ ነው የሚመጣው።

አመዱ ከወደቀ በኋላ ገብቼ ነበር። አመድ ስትሉ የምድጃ አመድ እንዳይመስላችሁ። የጋቢናው መስታወት ላይ ሲያርፍ የዝናብ መጥረጊያውን ከፈትኩት። ክርርር አለና መስታወቱን ጫረው! ጭረቱ እስካሁን አለ፣ ማታ ፊት ለፊት መኪና ሲመጣ ያብረቀርቅብኛል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ጎማ ላይ መታ መታ ሳደርገው እንደ ሲሚንቶ ቦነነ። አንድ ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ፍየሎቹ ቁጥቋጦውን ያሸቱና ይተዉታል። ቅጠሉ ሁሉ ግራጫ ነው። እሳቸው አንዱን ቅርንጫፍ እያራገፉ ያበሉ ነበር፣ አንድ በአንድ።

ለልጆቼ ላሳይ ብዬ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ አምጥቻለሁ። ማንም አላየውም፣ ሚስቴ በረንዳ ላይ አስቀምጣዋለች።

ድንጋይ ቆጣሪ

ሲኖትራክ!! ያንን ጠርሙስ እንዳትጥለው። በኋላ እንነጋገራለን።

መስታወቱን የጫረው ደግሞ አመዱ ራሱ መስታወት ስለሆነ ነው። ማግማ በድንገት ሲበተንና ሲቀዘቅዝ ደቃቅ የመስታወት ስብርባሪ ይሆናል። ለዚህ ነው አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሲገባ ጉድ የሚያፈላው። እዚያ ውስጥ እንደገና ይቀልጥና ይለጠፋል።

ጫማዬ ቀለጠ

እኔ ጫፉ ላይ ወጥቻለሁ። ቱሪስት ይዤ ነበር የምሄደው። ስሜን ያወጡልኝ ጓደኞቼ ናቸው፣ አትጠይቁኝ።

ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረውን ልንገራችሁ። ያኔ ነው ኤርታሌ ኤርታሌ የነበረው። ቀን መንቀሳቀስ አይታሰብም። ዶዶም ከሚባለው ሰፈር ፀሐይ ስትጠልቅ ትነሳለህ። ፍራሽና ውሃ በግመል ይጫናል። በጨለማ ሦስት አራት ሰዓት ትሄዳለህ። ዳገቱ ለስለስ ያለ ነው፣ አይደክምም፣ ግን አያልቅም። ከሩቅ ሰማዩ ስር ቀይ ነገር ይታያል። ቱሪስቱ ሁሉ «ደረስን?» ይላል። ገና ነው።

ጫፉ ላይ ሰፊ ጎድጓዳ አለ። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል። ወደ እሱ ወርደህ ነው የላቫው (የቀለጠው ድንጋይ) ሐይቅ ጋ የምትሄደው። ውስጡ ስትራመድ ትኩስ የላቫ ቅርፊት አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ስትረግጠው ይሰበርና እግርህ እስከ ቁርጭምጭሚት ይገባል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ቁምጣ ለብሶ የመጣ ሰው ሁሌም ይጸጸታል። ሌላው ደግሞ ወርቃማ ፀጉር የመሰለ ቀጭን የመስታወት ክር በየስንጥቁ ተከምሮ ታያለህ። ላቫው ሲፈናጠር ንፋሱ ስቦ የሚያቀጥነው ነው። ያምራል ብለህ በእጅህ ብትነካው ሳምንት ሙሉ ትቧጥጣለህ።

ሐይቁን ብዙ ሰው ሁልጊዜ የሚንተከተክ ቀይ ነገር አድርጎ ነው የሚያስበው። እንደዚያ አይደለም። ፊቱ እንደቀዘቀዘ ወተት ቆዳ ይይዛል፣ ጥቁር ግራጫ ነው። ቆዳው በደማቅ ቀይ መስመር ይሰነጠቃል። ሁለቱ ቁራጭ ይራራቃሉ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አንዱ ከሌላው ስር ይጠልቃል። ከዚያ ድንገት አንድ ጥግ ላይ ሙሉ ለሙሉ ይገለበጥና ፍም ይረጫል። ሙቀቱ ፊትህን ስለሚገርፈው ታዞራለህ። ንፋስ ከዞረ ደግሞ የድኝ ጭስ ጉሮሮህን ይይዘዋል፣ ሽርጥህን አርሰህ አፍንጫህ ላይ ታስራለህ።

በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ። ከዚያ ደቡብ ምሥራቅ ጎኑ ላይ ኪሎ ሜትሮች ርቆ መሬቱ ተሰነጠቀና ላቫው በዚያ ወጣ። ሐይቁም ቁልቁል ወረደ። ከዚያ ወዲህ አንዴ አለ አንዴ የለም ነው። አንዳንድ አስጎብኚ አሁንም የድሮውን ፎቶ ለጥፎ ገንዘብ ይሰበስባል። እኔ ይህን አልወደውም።

ሳቢያን 02

ጥበቃ አለ ሲባል እሰማለሁ። ያስፈራል እንዴ?

ጫማዬ ቀለጠ

በጥር 2012 እ.ኤ.አ. እዚያው ኤርታሌ ላይ አምስት የውጭ ጎብኚዎች ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ ያለ ታጣቂ አጃቢ አይኬድም። ከመሄድህ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ጠይቅ። ለዚህ ፎረም አያስፈልግህም፣ ሰመራ ደውል።

ታይዋን ገበያ

ቆይ እኔ ያልገባኝ፣ አፍሪካ ተሰንጥቃ ባሕር ይገባል አይደል የሚባለው? መቼ ነው ድሬ የሚደርሰው? ወደብ ስንሆን ኮንቴነር በኮንቴነር ነው የማስገባው። ከጅቡቲ ጋር መለማመጥ ይቀራል።

ድንጋይ ቆጣሪ

ሃሃ። ታይዋን፣ ዘግይተሃል። ባሕሩ ድሬ መጥቶ ሄዷል።

እዚህ የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ምን ይመስልሃል? በጁራሲክ ዘመን ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው፣ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከከተማው በላይ ያሉት ዋሻዎችም በዚያው ድንጋይ ውስጥ ነው የተቦረቦሩት። አንዳንድ ቦታ ቀዝቃዛ ቢራ ይዘህ ገደሉ ስር ብትቀመጥ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅሪት ታያለህ።

አፋርም ውስጥ ባሕር ገብቶ ያውቃል፣ ያውም በቅርቡ። በደናክል ዳር ዳር ላይ ባሕር ውስጥ ብቻ የሚሠራ የኮራል ሪፍ ቅሪት አለ። ከ120 ሺህ ዓመት በላይ ነው ዕድሜው። ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ገብቶ ነበር። ኋላ ላይ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። የጨው ንብርብሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። የሲኖትራክ እንጀራ መነሻው ይሄ ታሪክ ነው።

ፍጥነቱን ደግሞ ልንገርህ። እኛ፣ ድሬና ሐረር፣ ሶማሊያ በሚባለው ፕሌት (ትልቅ የመሬት ቅርፊት ቁራጭ) በኩል ነን። አዲስ አበባ ኑቢያ በሚባለው በኩል ናት። በመሀል ያለው ስምጥ ሸለቆ በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን በየዓመቱ ያን ያህል ይርቁናል ማለት ነው። ስልክ የማይደውሉት ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም። በሰሜን አፋር ከዚህ ይፈጥናል፣ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ኮንቴነርህን ለልጅ ልጅ ልጅህም አታውርስ።

ግን አንድ ነገር አለ። «በዓመት ይህን ያህል» የሚባለው አማካይ ነው እንጂ መሬቱ በየዓመቱ በልክ አይከፈትም። ዝም ብሎ ይቆይና በአንዴ ይለቀዋል። መስከረም 2005 እ.ኤ.አ. ዳባሁ ላይ (ይሄ ከኤርታሌ በስተደቡብ ያለ ሌላ ስንጥቅ ነው) 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ። አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር! በአማካዩ ካሰብከው የአራት መቶ ዓመት ሥራ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ያ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ የነበረውም በዚሁ አሠራር ነው፣ ማግማ በመሬት ውስጥ ሲገባ። ታህሳስ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው ከ5.5 በላይ ነበር። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያደረ ያውቀዋል።

ጋሼ ለገሀሬ

ልጆች፣ እኔ የባቡር ሰው ነኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ። ከተማችንን ራሷን ያቆማት ገደል መሆኑን አትርሱ። የባቡሩ ሐሳብ መጀመሪያ ሐረር መውጣት ነበር። ዳገቱ አላወጣ አለ፣ ወጪውም አስፈራ። ሐዲዱ ከታች በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 እዚህ ሲደርስ ቦታው አዲስ ሐረር ተባለ፣ ቆይቶ ድሬዳዋ። ያ ዳገት ድንጋይ ቆጣሪ የሚያወራው የስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ነው። ዛሬም ደንገጎን ስትወጡ ጆሯችሁን የሚደፍናችሁ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ አፋር በረሃ የገባ ፈረንጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ከሐዲዱ ወርዶ ነው የሚጀምረው። ኔስቢት የሚባል እንግሊዛዊ በ1928 ከሁለት ጣሊያኖች ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ ደናክልን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋረጠ። ከሰዎቹ መንገድ ላይ የቀሩ አሉ። ቴሲጀር ደግሞ፣ አዲስ አበባ የተወለደው፣ በ1933 ከዚያው ከአዋሽ ተነስቶ ወንዙ የት እንደሚጠፋ ሊያይ ሄደ። የአፋሮቹን ሱልጣኔት አውሳን አልፎ አቤ ሐይቅ ደረሰ፣ ከዚያ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ኤርታሌን አልነካም።

እዚሁ ከተማችንም ዳር ሥራ ነበር። ከድሬ በስተደቡብ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ በ1929 ያገኙት ቴያር ደ ሻርደን የሚባሉት ቄስና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ናቸው። ቄሱ ጂኦሎጂስትም ነበሩ። በ1933 ተቆፈረ። ሞንፍሬድን የማያውቅ የድሬ ሽማግሌ የለም፣ ወሬው ግን ለዚህ መድረክ አይሆንም።

ሳቢያን 02

ጋሼ፣ በድሬ ወግ አንተ ነው የምልህ፣ እንዳትቀየመኝ። የሞንፍሬድን ወሬ በግል መልእክት ላክልኝ።

ጋሼ ለገሀሬ

አንተ በለኝ፣ ድሬ አይደለህ። ወሬው ግን በበርጫ ነው የሚነገር፣ በስልክ አይጻፍም።

የፈረስ መጋላ ልጅ

ጋሼ ሐረርን ዘለልካት። ከሐዲዱ በፊት በር የነበረችው እኮ ሐረር ነች!

ጁሊየቲ የሚባል ጣሊያናዊ በ1879 ከዘይላ ተነስቶ ሐረር መጣ። ያኔ ከተማዋ በግብፆች እጅ ነበረች፣ ከ1875 እስከ 1885። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1881 ያው ሰውዬ ከቤይሉል ባሕር ዳርቻ ወደ ደናክል ውስጥ ሲገባ ከነጓዶቹ ተገደለ። ጣሊያኖች የአፍዴራን ሐይቅ በእሱ ስም ጠሩት። በአሮጌ ካርታ ላይ ጁሊየቲ ሐይቅ የሚል ካያችሁ የሲኖትራክ ጨው የሚመጣበት ሐይቅ ነው። የጀጎልን በር የረገጠ ሰው ስም እዚያ በረሃ ላይ ተለጥፎ መቅረቱ ያስቀኛል።

ሌላም አለ። ግብፆች ሐረርን በያዙበት በዚያው በ1875 ሙንዚንገር የሚባል ፈረንጅ የሚመራው ሌላ ጦራቸው በአፋር በኩል ሊገባ ሞከረ። አውሳ ላይ አፋሮች ደመሰሱት፣ ሙንዚንገርም ሞተ። ከዚያ በኋላ የፈረንጅ ጂኦሎጂስት ለምን እንደዘገየ አይገርመኝም።

የሎግያ ልጅ

እኔ አፋር ነኝ፣ የምኖረው ድሬ ነው። ክሩን ከላይ ጀምሬ አንብቤዋለሁ፣ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልናገር።

ከዚራ፣ «መተኛቱን ማን አየ» ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ቀጥሎ «ጂኦሎጂስቶች ካርታ ማንሳት የጀመሩት» ወደሚለው ሄድክ። እዚያ ሰው አለ። ግመል የሚያግድ፣ ጨው የሚቆርጥ፣ ውሃ የት እንዳለ የሚያውቅ። አሞሌ ጨው ደጋ ላይ ገንዘብ ሆኖ ሲገበይ የነበረው ከየት መጥቶ ነው? ኔስቢትም ቴሲጀርም ያለ አፋር መንገድ መሪ አንድ ቀን አያድሩም ነበር። ቴሲጀር አውሳን ያለፈው ሱልጣኑ ስለፈቀዱለት ነው።

አያቴ የትኛው ተራራ እንደሚያጨስ፣ በየትኛው ወር መንጋ ወደ የትኛው ጎን መነዳት እንደሌለበት ያውቁ ነበር። ሃይሊ ጉቢ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት አጭሶ ከሆነ ያየው ሰው አለ። የጻፈው ግን የለም፣ የጠየቀም የለም። በ2005 ዳባሁ ላይ መሬቱ ሲከፈትና አመድ ሲወጣ በዓይናቸው ያዩት እረኞች ናቸው። ሳይንቲስቶቹ ቆይተው ነው የደረሱት፣ ቀኑንና ሁኔታውን ከእነሱ ሰምተው ነው የጻፉት። የሚያሳዝነው ያ ዓይነት ጥያቄ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሳይጠየቅ እንደቀረ ነው።

የከዚራ ጥላ

የሎግያ ልጅ፣ ይመችህ። የኔን ነጥብ ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። «12 ሺህ ዓመት» የሚለው ቁጥር ስለ ተራራው ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ነው የሚናገረው።

ካርታውን ማን አነሳው ካላችሁ፣ ታዚየፍ የሚመራው የፈረንሳይና የጣሊያን ቡድን ነው። ከ1967 ጀምሮ በተከታታይ መጡ። ማሪኔሊ፣ ባርቤሪና ቫሬ ከእነሱ ጋር ነበሩ። የኤርታሌ ሰንሰለት ጥናታቸው በ1970 ወጣ። እስካሁን ሰው የሚነሳው ከዚያ ነው። ከእነሱ በፊት በ1906 አካባቢ ያለፉ ጣሊያኖች ምልክት ትተዋል፣ ለዚህ ነው የላቫ ሐይቁ «ምናልባት ከ1906፣ በእርግጠኝነት ከ1967 ጀምሮ» የሚባለው። ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉት። 1967 ሐይቁ የተወለደበት ዓመት አይደለም። ሰዎቹ የደረሱበት ነው።

ከዚያ ሳተላይት መጣ። በህዳር 2008 እ.ኤ.አ. አሉና ዳላፊላ አጠገብ መሬቱ ተሰንጥቆ ሰፊ ሜዳ በላቫ ተሸፈነ። ብዙ ሰው ስሙን እንኳ አልሰማም። ሳይንቲስቶቹ በአብዛኛው ያጠኑት ከሳተላይት ምስል ነው። ይሄ በ1908 ቢሆን ኖሮስ? ዛሬ መዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ እናየው ነበር። ከዚያ በሆነ ቀን ሲፈነዳ «ስንት ሺህ ዓመት ተኝቶ» እንል ነበር።

ሳቢያን 02

አንድ ጥያቄ ብቻ። ኤርታሌ ለዓመታት ቀስ ብሎ ሲፈስ ሰው ዳር ቆሞ ፎቶ ያነሳል። ሃይሊ ጉቢ ለምን እንደ ቦምብ ፈነዳ? ጎረቤት አይደሉ?

ድንጋይ ቆጣሪ

የክሩ ምርጥ ጥያቄ። እናትህ ጎበዝ ልጅ ነው ያሳደገችው።

ነገሩ ያለው ማግማው ውፍረትና ጋዙ ላይ ነው። የኤርታሌ ባዛልት ቀጭን ነው፣ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ጋዙ በቀላሉ ይወጣል። ሐይቁ ክፍት ስለሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ይተነፍሳል። የሚተነፍስ ነገር አይፈነዳም።

ማግማ ጓዳው ውስጥ ብዙ ከቆየ ግን ጠባዩ ይለወጣል። መጀመሪያ የሚረጉት ማዕድናት ከስር ይቀራሉ፣ የተረፈው በሲሊካ (መስታወት የሚሠራበት ንጥረ ነገር) እየበለጸገ ይወፍራል። የወፈረ ማግማ ጋዙን አፍኖ ይይዛል። ሰንሰለቱ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ዳላፊላ ላይ ታገኘዋለህ፣ ሃይሊ ጉቢም ላይ። ከታች አዲስ ትኩስ ባዛልት መጥቶ እንዲህ ያለ አሮጌ ጓዳ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ በድንገት ይጨምራል። የሐምሌው ዳይክ ወደዚያ አቅጣጫ መሄዱን አስታውስ። ይሄ አንዱ ማብራሪያ ነው፣ የመጨረሻውን የሚናገረው አመዱ ነው። አመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ይለካል፣ በማይክሮስኮፕ የአረፋውን ቅርጽ ታያለህ፣ የአሮጌና የአዲስ ማግማ ቅልቅል ካለበትም ይታያል።

ስለዚህ ሲኖትራክ፣ ጠርሙስህ!

ሲኖትራክ ብቻ

አለ። ሚስቴ ከበረንዳ አንስታ የአበባ ማሰሮ ልትሞላበት ስትል ነው ያስጣልኳት። ግማሽ ያህል ይሆናል። ምን ላድርገው?

ድንጋይ ቆጣሪ

እንዳታጥበው፣ ውሃ እንዳይነካው። ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ዝጋ። ወረቀት ላይ ያፈስክበትን ቀንና ቦታውን ጻፍና በፕላስተር ለጥፍበት። ቦታው ከአፍዴራ ከተማ በየት በኩል፣ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከመሬት ነው ወይስ ከመኪና ላይ፣ ሁሉንም። አመዱ ላይ ዝናብ ጥሎበት ነበር? እሱንም ጻፍ። ዩኒቨርሲቲ የማውቀው ሰው አለ፣ እሰጠዋለሁ።

ሲኖትራክ ብቻ

ከጭነቱ ሸራ ላይ ነው የጠረግኩት። ዝናብ አልነካውም። ዓርብ ከሰዓት ድሬ ነኝ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ሳቢያን ነዳጅ ማደያው ጋ ታገኘኛለህ። ሌላ የምትፈልገው ካለ አሁን ተናገር፣ ሰኞ ተመልሼ እገባለሁ።

የሎግያ ልጅ

ሰኞ የምትገባ ከሆነ እኔም ልምጣ። የሽማግሌውን የፍየል ቦታ ታስታውሰዋለህ? እሳቸውን ማናገር እፈልጋለሁ። አፋርኛ የሚችል ሰው ከሌለህ ደግሞ ምንም አታገኝም።

ሲኖትራክ ብቻ

ጋቢና ቦታ አለ። ውሃህን ራስህ ያዝ።